የደጃፍ ሸራና የደሴ ነፋስ፦ ድንጋይ መጫን ይበቃል ወይ?

እህታችን ሰኞ ገበያ አካባቢ ከቤቷ ፊት 3 በ4 ሜትር ሸራ ወጥራ ቡና ታፈላለች። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ምሰሶዎቹ ከመሬት ይነሳሉ፤ ሸራውን ያሰረችበት የጣሪያ ቆርቆሮም ሚስማሩን እየነቀለ ነው። «ላዩ ላይ ድንጋይ ብጨምርበት ይበቃል?» ብላ ጠይቃለች።

አይበቃም እህቴ፤ አሁን ያለውንም አውርጂው። ነፋስ ከሥር ገብቶ ሸራውን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ከላይ የሚያልፈው ደግሞ ይስበዋል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በግምት የ6 ኪሎ ያህል ግፊት አለው። ያንቺ ሸራ 12 ካሬ ስለሆነ ወደ 75 ኪሎ ይመጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ በ72 ኪሎ ሜትር 300 ኪሎ ማለት ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩ ተወርውሮ የሚያርፈው ቡና የሚጠጣው ሰው ላይ ነው። ባይወረወር እንኳ ሸራው በተርገበገበ ቁጥር እየፈተገ ይበሳዋል።

ዋናው ችግር ከቤቱ በኩል ያለው ነው። ሸራውን ከቆርቆሮው ጠርዝም ሆነ ከአሸንዳው ጋር አትሰሪ። አንድ ቆርቆሮ ከተነሳ ነፋስ ከሥሩ ገብቶ ቀጣዩን ይገልጠዋል። ሸራ ቢቀደድ ሌላ ሸራ ይገዛል፤ በክረምት ጣሪያ ከሄደ ግን ጉዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ከክዳኑ ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ 5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ (አራት ማዕዘን ተደርጎ የተሰነጠቀ እንጨት) በአግድም ይመታ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ሚስማሩ ጭቃውን ሳይሆን የእንጨቱን ቋሚ ማግኘት አለበት። በየቋሚው ሁለት ሁለት የ12 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ይበቃል፤ ቋሚውን አልፎ ከውስጥ በሮንዴላና በዳዶ የሚጠብቅ ብሎን ከተገኘማ ይበልጣል። ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) በደንብ አይዝም፤ ኮለኑ ወይም ቢሙ ላይ ይበሳ። ከዚያ የሸራውን ጠርዝ ሞራሌው ላይ አንድ ዙር ጠቅልዪና በላዩ ጠፍጣፋ ጣውላ አስመትተሽ በሁለቱ መሐል አጣብቂው። ጠርዙ ላይ ባሉት የገመድ ማስገቢያ ቀለበቶች ብቻ ከተንጠለጠለ ጭነቱ ሁሉ አራት አምስት ቀዳዳ ላይ ያርፋል፤ መቀደድ የሚጀምረውም ሁልጊዜ ከዚያ ነው።

ወደ ምሰሶው ስንመጣ፣ ለ4 ሜትር ፊት ሁለት ምሰሶ ያንሳል፤ ሦስት አድርጊው። ደጃፉ አፈር ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር አስቆፍረሽ ከምሰሶው ትንሽ ሰፋ ያለ የብረት ቱቦ በአርማታ አስቀብሪ። ምሰሶው እሱ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱን አሳልፎ የሚበሳ አንድ ብሎን ሽቅብ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ሸራውን ማውረድ ስትፈልጊ ብሎኑን መንቀል ብቻ ነው። ደጃፉ ኮብል ወይም አስፋልት ከሆነ ቱቦውን ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ውስጥ አቁመሽ በአርማታ ሙዪው፤ ወደ 45 ኪሎ ይመዝናል። በአሸዋ ብትሞዪው 30 ኪሎ ገደማ ነው፣ በውሃ 20 ብቻ። ሦስት የአርማታ ባልዲ ግን ተደምሮ 135 ኪሎ ነው። ከላይ ካለው 300 ኪሎ ጋር ስታስተያዪው በባልዲ ብቻ ተማምኖ በከባድ ነፋስ ሸራ ወጥሮ መቀመጥ እንደማይቻል ይገባሻል።

ካስማ መምታት ከቻልሽ የ16 ሚሊ ፌሮ 60 ሳንቲ ሜትር አስቆርጪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ካስማውን ወደ ሸራው አዘንብሎ ይመታና ገመዱ ተንሸራትቶ ይወጣበታል። ራሱ ከሸራው ወደ ውጭ ማዘንበል፣ ጫፉ ደግሞ ከመሬት በታች ወደ ሸራው ማመልከት አለበት። ገመዱም የሚታሰረው አፈሩ ጋ ነው፤ ከፍ ካለ ካስማውን እንደ ማንሻ እየወዘወዘ ያላላዋል። ዝናብ ያራሰው አፈር ካስማ ስለማይዝ ክረምት ላይ ከኋላው ሁለተኛ ካስማ ምቺና የፊተኛውን ራስ ከኋለኛው እግር ጋር አያይዢ። ከየማዕዘኑ ሁለት ገመድ ይውጣ፣ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ጎን። ደሴ በተራሮች መሐል ስለሆነች የዛሬው ነፋስ ከጦሳ ተራራ በኩል ቢመጣ የነገው ዞሮ ከሌላ ጎን ሊመጣ ይችላል።

ቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥርና ይስባል፣ ሲደርቅ ይላላል፤ ናይለን ደግሞ ሲርስ ይለጠጣል። የትኛውም ቢሆን ከዝናብ በኋላ ይፈተሽ። ገመዱና ካስማው መሐል ከአሮጌ ካላማዳሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) የተቆረጠ፣ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ላስቲክ አስገቢ፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሸራ የሚወጥሩበት ዓይነት ነው። ድንገተኛውን ግፊት ላስቲኩ ይውጠዋል፣ ቀለበቱ አይቀደድም። ላስቲኩ ከተበጠሰ እንዲይዝ ግን ከጎኑ ከላስቲኩ በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ገመድ ይታሰር።

እኔ ከሁሉም የምመርጠው በሸራው ላይ የሚያልፈውን ገመድ ነው። ከግድግዳው ሞራሌ ተነስቶ በሸራው ጀርባ አልፎ ከፊት ካስማ ላይ የሚታሰር ሰፊ የጭነት ቀበቶ፣ በምሰሶዎቹ መሐል አንድ አንድ። የድንጋዩን ሥራ ሳይወድቅ ይሠራል። ጠርዙን በሚታጠፍበት ቦታ ግን ጨርቅ ይነጠፍበት።

ተዳፋቱ ለ3 ሜትር ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ላዩ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 120 ሊትር፣ ማለትም 120 ኪሎ ነው፤ በረዶ ሲጥልማ እዚያው ይቆለላል።

የጎን መጋረጃ ካለሽ ነፋሱ የሚመጣበትን ዝጊ እንጂ እሱን ከፍተሽ ሌላውን አትዝጊ፤ ነፋሱ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ሸራው ይነፋል። የሚመጣበትን መዝጋት ካልቻልሽ ሁሉንም ክፈቺውና ይለፍ። ከሰል እየነደደ ግን ዙሪያውን አትዝጊ፤ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሽታም የለውም።

ትልልቅ የዛፍ ቅርንጫፍ ሲወዛወዝና የመብራት ሽቦ ሲያፏጭ ነፋሱ 40 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂ፣ አውርጂው። መጀመሪያ ሰዉን አስነሺ፣ ከሰሉን አጥፊ። ከዚያ ገመዶቹ እንደታሰሩ ሁለት ሰው ምሰሶ ይዞ ብሎን እየነቀለ ያስተኛ፤ ሸራው መሬት ላይ ይነጠፋል። ገመድ ቀድሞ ከተፈታ ሸራው ሰው ይዞ ይነሳል። ማታ ስትዘጊ ደግሞ ነፋስ ባይኖርም ጠቅልለሽ ሞራሌው ላይ እሰሪው።

ገመዶቹ የሰው መተላለፊያ ላይ ከወጡ በጉልበት ከፍታ ነጭ ጨርቅ እሰሪባቸው። ቦታው ጨርሶ ጠባብ ከሆነ ግን ሸራውን ወደ 2 ሜትር አሳጥሪው፤ 8 ካሬ ይሆናል፣ የነፋሱም ጭነት በሲሶ ይቀንሳል።