ገመዱ እኩል ነው፣ መሬቱ ግን አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በሜትርና በሲባጎ ነው። እዚሁ ደሴ ቦታ ስለካ፣ መሠረት ሳስቆፍር፣ ከግንበኛ ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የሰፈር ልጆች የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው ይመጡብኛል። ቀመሩን አሳምረው ያውቁታል። ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ ስፋት። ሁለቱ ተደምረው በ2 ሲባዙ፣ ዙሪያ። "እዚህ የሚፈለገው የትኛው ነው?" ስላቸው ግን ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። የምለካው መስመር ነው ወይስ ገጽ? 5 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል እንውሰድ። ወለሏ 20 ካሬ (ካሬ ሜትር) ነው። ሴራሚክ የሚገዛው በዚህ ነው። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነው ሴራሚክ አንዱ 0.36 ካሬ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 56 ያህል ያስፈልጋል፤ ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው ደግሞ ጨመር ማድረግ ነው። ከግድግዳው ሥር የሚዞረው ዞኮሎ ግን በዙሪያ ነው የሚሰላው። 18 ሜትር፣ ከዚያ ላይ የበሩ ክፍተት ይቀነሳል። 20 እና 18 የሚቀራረቡ ስለሚመስሉ አቀያይሮ የሚገዛ ሞልቷል። አንዱ ካሬ ሜትር፣ ሌላው ሜትር ነው፤ ጭራሽ አይወዳደሩም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። "ዙሪያው እኩል ከሆነ ቦታውም እኩል ነው" የሚሉ ሰዎች አሉ። የተማሩም ጭምር። ውርስ የሚካፈሉ ወንድማማቾች በዚህ ሲስማሙ አይቻለሁ። 60 ሜትር ገመድ አምጡና እንሞክረው። 15 በ15 አድርጋችሁ ብትዘረጉት 225 ካሬ ታገኛላችሁ። 20 በ10 ብታደርጉት 200 ነው። 25 በ5 ካደረጋችሁት 125 ብቻ። አጥሩ ለሦስቱም እኩል ቆርቆሮ ይፈጃል። 25 በ5 የደረሰው ልጅ ግን ከ15 በ15 ባለቤቱ 100 ካሬ አንሶ ተቀበለ፣ ያውም አመስግኖ! ያንኑ ገመድ ክብ ብታደርጉት ደግሞ 286 ካሬ ገደማ ይሆናል። በእኩል ዙሪያ ከክብ የበለጠ ስፋት የሚይዝ ቅርጽ የለም። የገጠሩ ክብ ጎጆ በትንሽ ግድግዳ ብዙ ቦታ የሚይዘው ለዚህ ነው።

እስካሁን ያልኩት ቦታው ቀጥ ያለ ሲሆን ነው። እንደ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር በተቀመጠች ከተማ ግን አራቱም ማዕዘን ልክ የሆነ ቦታ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ጎኖች ደምሮ ለ2 ያካፍላል፣ የቀሩትንም እንዲሁ፣ ከዚያ ያባዛቸዋል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ግብፅ ውስጥ ባለው የኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የመሬት ስፋት በዚሁ መንገድ ተሰልቶ ተቀርጿል፤ ከ2000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ችግሩ፣ ቦታው ትክክለኛ ሬክታንግል ካልሆነ መልሱ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል። ሻጭ ይወደዋል፣ ገዢ ይከፍልበታል።

ጎኖቹ በተርታ 13፣ 14፣ 9 እና 12 ሜትር የሆነ ቦታ አለ እንበል። በአማካዩ ዘዴ 11 ሲባዛ በ13፣ 143 ካሬ ይመጣል። አሁን ከአንዱ ማዕዘን ትይዩው ወዳለው ማዕዘን ሲባጎ ወጥሩ፤ 15 ሜትር ሆነ እንበል። ቦታው ለሁለት ተከፍሏል፣ እያንዳንዱም ሦስት ማዕዘን ነው። የሦስቱ ጎኖች ርዝመት ብቻ ሲታወቅ ስፋቱን የምናገኝበትን መንገድ የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎልናል። የዙሪያውን ግማሽ ያዙ፤ ለ13፣ 14 እና 15 ይህ 21 ነው። ከ21 እያንዳንዱን ጎን ቀንሱ፤ 8፣ 7 እና 6 ይቀራሉ። 21ን ጨምራችሁ አራቱን አባዙ፣ 7056። ስኩዌር ሩቱ 84። ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን (9፣ 12፣ 15) በዚሁ መንገድ 54 ይሰጣል። ድምሩ 138 ካሬ ነው። 5 ካሬ በአየር ላይ ተሽጦ ነበር ማለት ነው። የሊዝ ጨረታ በካሬ ሜትር ዋጋ በሚሰጥበት አገር 5 ካሬ ቀልድ አይደለም።

አራቱን ጎኖች ብቻ ለክቶ ስፋት አገኘሁ የሚላችሁን አትመኑ። አራት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ በአንድ አንድ ሚስማር ምቱና ገፋ አድርጉት። ጎኖቹ አልተነኩም፣ ስፋቱ ግን እያነሰ ይሄዳል። ያቺ አምስተኛዋ፣ የማዕዘን ለማዕዘን ልኬት የግድ ናት። አብሽሩ፣ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም።

ሌላው የደሴ ጣጣ ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ የለካ ሰው ይህን ላያስበው ይችላል። ሜትሩን ዳገቱ ላይ አስተኝታችሁ 13 ሜትር አነበባችሁ እንበል። የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በ5 ሜትር ከፍ ካለ፣ አግድም ርቀቱ 12 ብቻ ነው። ወርዱ 10 ከሆነ እናንተ 130 ካሬ ትላላችሁ፣ ካርታው 120 ይላል። ከዚያ "10 ካሬ ተበላሁ" ተብሎ ማዘጋጃ ቤት ጩኸት ይጀመራል። ማንም አልበላችሁም። ካርታ የሚሠራው በአግድም ልኬት ነው፤ ቤትም የሚቆመው ጠፍጣፋ ወለል ላይ ነው። በትክክል ለመለካት ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ወጥሩ፣ ከጫፉ ቱንቢ (ክብደት የታሰረበት ሲባጎ) ጣሉ፣ እንደ ደረጃ በአጭር በአጭሩ ውረዱ።

ጣሪያ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቆርቆሮ የሚለብሰው ተዳፋቱን እንጂ አግድሙን አይደለም። ወርዱ 4.8፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ ቤት ከላይ ሲታይ 48 ካሬ ነው። የሁለት ክንፍ ጣሪያው መሐሉ ላይ በ0.7 ሜትር ከፍ ቢል እያንዳንዱ ክንፍ 2.4 ሳይሆን 2.5 ሜትር ይሆናል። ጣሪያው 50 ካሬ ሆነ ማለት ነው፤ ከግድግዳው ወጣ የሚለውና ቆርቆሮው የሚደራረብበት ገና አልተቆጠረም። ቆርቆሮ ልትገዙ ስትወጡ በ48 አስልታችሁ እንዳትሄዱ።