የሚያሳፍረውን ቅጂ ይዘሽ ግቢ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ከሳይኮሎጂ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሱፐርቫይዘሬ ከተገልጋዮቼ ጋር የማደርገውን ውይይት በድምፅ እየቀዳሁ እንዳመጣ ያዘኛል። እኔ ግን በደንብ የሄደልኝን ብቻ እየመረጥኩ አቀርባለሁ። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ነው፤ ጉዳቱ መጀመሪያ በተገልጋይሽ፣ ቀጥሎም በራስሽ ላይ ነው። ቅጂ ያስፈለገው እኮ ትውስታችን ስለሚያዳላልን ነው። ዝም ማለት ሲገባን ያወራነውን፣ ሰውየው ሊያለቅስ ሲል ወሬ የቀየርንበትን ቦታ አናስታውሰውም። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ ገና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የምክክር ውይይቶችን በሸክላ እያስቀዳ ተማሪዎቹን ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹም ራሳቸውን ሲሰሙ፣ ከሚያስቡት በላይ ምክርና ትእዛዝ እንደሚያበዙ ደረሱበት። እኔም የመጀመሪያ ቅጂዬን ስሰማ የተገልጋዬን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አቋርጬ አገኘሁት። ጥሩ አድማጭ ነኝ ብዬ ነበር!

ስለዚህ ያፈርሽበትን አምስት ደቂቃ ምረጪና «እዚህ ጋ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝ» ብለሽ ጀምሪ። ፍርሃትሽ ግን ያለምክንያት አይደለም፤ የሚያሠለጥንሽ ሰው ውጤትም ይሰጥሻል። ስሕተት ማሳየት ነጥብ ያስቀንስ እንደሆነ ከወዲሁ በግልጽ ጠይቂው። ተገልጋይሽም ቅጂውን ማን እንደሚሰማና መቼ እንደሚጠፋ አውቆ፣ በጽሑፍ መፍቀዱን አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ የምፈልገው ሰው ማከም ነው። ስታቲስቲክስ ምን ይሠራልኛል?

መልስ፦ ክርክሩ የቆየ ነው። በ1949 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ቡልደር፣ ኮሎራዶ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሳይንቲስትም በሙያው አካሚም ሆኖ ይሠልጥን አሉ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እዚያው ኮሎራዶ የተካሄደው የቬይል ጉባኤ ሕክምናው ላይ ለሚያተኩር ሥልጠና ዕውቅና ሰጠ። እዚያም ቢሆን ግን ጥናት አንብቦ መመዘን አልቀረም። አዲስ ሕክምና «ይሠራል» ሲሉህ፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ብለህ መጠየቅ ካልቻልክ የሰሙትን ሁሉ ከሚያምኑት አትለይም።

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጥናቴ መላምት አልተደገፈም። አማካሪዬ «ሌላ ትንተና ሞክሪ» ይለኛል።

መልስ፦ ሞክሪ፤ ግን ውጤቱን ካየሽ በኋላ የመጣ ትንተና መሆኑን ጻፊ። ምንም ግንኙነት በሌለበት መረጃ ላይ በ0.05 መስፈርት (አጋጣሚ ከመቶ አምስት ጊዜ እንዲያሳስት በሚፈቅደው) ሃያ ፈተና ብታካሂጂ፣ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ጉልህ»፣ ማለትም እውነተኛ ግንኙነት ያለ የሚያስመስል፣ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ትልቅ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሲያካሂድ፣ ጉልህ ውጤት የተገኘው ከሲሶው ብዙም ባልበለጡት ነበር። በደንብ የተሠራ «አልተገኘም» ያስመርቃል፤ ሊያስመርቅም ይገባል።

ጥያቄ፦ የክፍል ጓደኛዬ ከፍቅረኛዋ ተለያይታ «እየተማርክ አይደል፣ አንተው አማክረኝ» አለችኝ።

መልስ፦ እንደ ጓደኛ ስማት። ለምክክሩ ግን እሷ ከማታውቀው ባለሙያ ጋር አገናኛት፤ ነገ ብትቀያየሙ ጓደኛዋንም አማካሪዋንም በአንድ ቀን ታጣለች።