ለባሕር ዳር ተማሪዎች፦ ጀልባውና ሞተር ሳይክሉ

ልጆቼ፣

ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የሰፈር ልጆች ደብተር ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱን ቀመሮች ሁሉም በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ሞመንተም መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት፣ ካይኔቲክ ኢነርጂ የመጠነ ቁስና የፍጥነት ካሬ ብዜት ግማሽ። «ታዲያ ሁለት ምን ያደርጋል? አንዱ አይበቃም?» ስላቸው ግን ዝም ይላሉ። ዝምታው አያሳፍርም። ጀርመናዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ሌይብኒትዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1686 በዚሁ ጉዳይ ፈረንሳዊውን ፈላስፋ ዴካርትን ተቃውሞ ከጻፈ በኋላ ሊቃውንቱ ለአሥርታት ተነታርከውበታል።

እኔ መልሱን ጣና ዳር ነው የማሳያቸው። ከነጭነቱ 4,000 ኪሎ ግራም የሚሆን ጀልባ ሞተሩን አጥፍቶ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ወደ ወደቡ ይጠጋል እንበል። አስፋልቱ ላይ ደግሞ ከነነጂው 200 ኪሎ ግራም የሚሆን ሞተር ሳይክል በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሞመንተማቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም 2,000 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ። ኢነርጂያቸውስ? የጀልባው 500 ጁል፣ የሞተር ሳይክሉ 10,000 ጁል!

አሁን ሁለቱንም በ400 ኒውተን ኃይል አስቁሟቸው። 40 ኪሎ ዕቃ አንስቶ ከመያዝ ብዙም አይለይም፤ እግሩን ከድንጋይ ያስደገፈ ጎበዝ ጀልባውን በዚያ ይገታዋል። ሁለቱም በ5 ሰከንድ ይቆማሉ። ጀልባው ግን እስኪቆም 1.25 ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ሞተር ሳይክሉ 25 ሜትር። ሞመንተም የሚነግራችሁ ያ ኃይል ምን ያህል ጊዜ መሥራት እንዳለበት ነው፤ ካይኔቲክ ኢነርጂ ደግሞ በምን ያህል ርቀት።

መጠነ ቁስ ላይ ብዙ አልቆይም። የደንገል ታንኳ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ፣ ፍጥነቷ እስካልተለወጠ ድረስ ሞመንተሟም ኢነርጂዋም በዚያው ልክ ያድጋሉ። ጉዱ ያለው ፍጥነት ላይ ነው። ያው ሞተር ሳይክል በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞመንተሙ እጥፍ፣ ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ400 ኒውተን ለመቆም 10 ሰከንድና 100 ሜትር ይፈጅበታል። በደረቅ አስፋልት ደህና ፍሬን ከዚህ በጣም ይበረታል፣ ርቀቱም ያጥራል፤ አራት እጥፍነቱ ግን አይቀርም። ብስክሌተኛ በሚርመሰመስበት መንገዳችን ሞተር የምትነዱ ይህቺን ቁጥር ከፈተና ውጭም ያዟት።

አንድ ስሌት ልተውላችሁ። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ በዚያው 400 ኒውተን፣ ስንት ሜትር ላይ ይቆማል? 37.5 ያለ ተማሪ ፍጥነቱን ካሬ ማድረግ ረስቷል።