የአልትራሳውንዱን ቀጠሮ ያስያዝከው ለማን ነው?

ከጅጋ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትህ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዓምና በሦስተኛው ወር ፅንሱ ወርዶባታል። አሁን አንተ ሌሊት እንቅልፍ የለህም፤ ጠዋት ጠዋት ከእሷ እኩል ያቅለሸልሽሃል። ሳትነግራት በጓደኛህ በኩል ባሕር ዳር አንድ የግል ክሊኒክ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ አስያዝክ። በዋዜማው ስትነግራት «ዕቃ መሰልኩህ እንዴ?» ብላ አኮረፈች። ቀጠሮውን በሳምንት አራዘምከው፤ እሷ ግን አሁንም አልሄድም ብላለች። አማትህም «ሆዷ ሳይገፋ አይወራም፤ ዓይን አለ» ይላሉ። «ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል።

ለጓደኞቼ መናገር አፈርኩ ስላልክ ከማቅለሽለሹ ልጀምር። ሚስታቸው ስታረግዝ የሚያቅለሸልሻቸው፣ ሆዳቸውን የሚነፋቸው፣ እንቅልፍ የሚያጡ ባሎች አሉ። በሙያችን ስም ወጥቶለታል፤ ኩቫድ ይባላል። በሽታ አይደለም፤ ወንድነትህንም አይነካም። ብዙ ጊዜ ከጭንቀት ጋር ይያያዛል።

ጭንቀትህ ከየት እንደመጣ ደግሞ ራስህ ጽፈኸዋል። ዓምና ዘመድ ጎረቤቱ እሷን ሊጠይቅ ሲመጣ አንተ ወንበር ስታቀርብና እንግዳ ስትሸኝ ዋልክ። «አንተስ እንዴት ነህ?» ያለህ ሰው አልነበረም። እዚህ ላይ በጣም አዘንኩልህ። ልጅ ጠብቀህ ያጣኸው አንተም ነህ። «ያን ሰሞን ተጨቃጭቀን ነበር፤ ከዚያ ይሆን?» ላልከው፣ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፅንስ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲፈጠር በሚከሰት የክሮሞዞም ችግር ነው። ጭቅጭቅ አያወርደውም፤ እንስራ መሸከሟም አይደለም። ይህን እሷም ከአንተ አፍ ብትሰማው ደስ ይለኛል። እሷም በልቧ ራሷን እየወቀሰች ይሆናል።

አሁን ወደ ቀጠሮው። ዓምና «የልብ ምት የለውም» የተባለችው አልትራሳውንድ አልጋ ላይ ተኝታ እንደነበር ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነክተኸው አልፈሃል። ለእኔ ግን ዋናው ነገር ይሄ ነው። ለአንተ ያ ስክሪን መተንፈሻ ነው። ለእሷ ክፉ ወሬ የሰማችበት ቦታ ነው። አንተ ፍርሃትህን ደብቀህ ቀጠሮውን ብቻ ስትነግራት፣ ጆሮዋ የገባው «ነገ ተነሽ» የሚል ትዕዛዝ ነው። መጨነቅህ ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ብቻህን መወሰንህ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቃት። ከዚያ አልትራሳውንድ የሚለውን ቃል ሳታነሳ «እኔም ዓምና ከብዶኝ ነበር፤ ዘንድሮም ፈርቻለሁ» በላት። ዝም ካለች ዝም በል። ለማሳመን አትቸኩል።

ምርመራውን ራሱን ግን እደግፈዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። እንዲህ ገና በጠዋቱ ሲሆን አንዳንዴ መሣሪያው በብልት በኩል ገብቶ ይታያል። ይህን እዚያው ደርሳ ከምትደነግጥ አስቀድማ ትወቅ፤ አልፈልግም የማለትም መብት አላት። ሌላው ቀን ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን «ከግንቦት ልደታ ማግሥት» እያላችሁ በቃል አትያዙት፤ በኛ አቆጣጠር ጻፉት። ከግንቦት 2 ከተቆጠረ 8 ሳምንት የሚሞላው ሰኔ 28 ነው። ቀኑ ከተሳሳተና ፅንሱ ገና ከሆነ የልብ ምት ላይታይ ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ይላችኋል። «ተመለሱ» ማለት የግድ ክፉ ወሬ አይደለም።

ደግሞስ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፋችሁ ባሕር ዳር ድረስ ለምን? መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳ የእርግዝና ክትትል ትጀምር፤ እዚያ በነፃ ነው። አልትራሳውንድ ከሌላቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሊልኳት ይችላሉ። ደም ካየች፣ ሆዷን በአንድ ወገን አጥብቆ ካመማት፣ ራሷን ከሳተች ወይም ውኃ እንኳ አልረጋላት ካለ ግን ኩርፊያም ቀጠሮም አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ውሰዳት።

አማትህን አትሟገታቸው። የሳቸው ዝምታ ልጃቸውን የሚጠብቁበት መንገድ ነው። ለጎረቤት ሳይወራ ለአዋላጇ መንገር ይቻላል፤ ይህን ሲሰሙ እሳቸውም የሚቃወሙ አይመስለኝም።

ያንተ እንቅልፍ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ሥራህንም ካወከብህ፣ አንተም ለብቻህ ባለሙያ አነጋግር። ለዛሬ ግን ክሊኒኩ ደውለህ ቀጠሮውን ሰርዝ። ሌላ ቀን የምታስይዘው እሷ «እንሂድ» ስትልህ ነው።