የከርነል ክፍተት ከኢንተርኔት የተለየ ሰርቨርን ያሰጋልን?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሊኑክስ ሰርቨር አስተዳድራለሁ። ሠልጣኞቻችን ተራ የተጠቃሚ አካውንት አላቸው፤ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ግን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። «ደርቲ ፓይፕ» በተባለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) የደኅንነት ክፍተት ለመጠቀም አጥቂው አስቀድሞ ማሽኑ ውስጥ የገባ መሆን እንዳለበት አንብቤአለሁ። ሰርቨራችን ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም፤ አፕዴቱንም ጭኜለታለሁ፤ ኢንቨርተር ስላለን መብራት ቢጠፋ እንኳ ለወራት አልተዘጋም። ታዲያ ልሰጋ ይገባልን?

መልስ፦ አዎ፣ ይገባዎታል፤ «አስቀድሞ የገባ» የተባለው ሰው የእርስዎ ሠልጣኝ ሊሆን ይችላልና። ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነው ከርነሉ ስለሆነ፣ እርሱ ከተታለለ የፓስወርድዎ ጥንካሬ ፋይዳ አይኖረውም።

ይህን ክፍተት ያገኘው ፕሮግራመር ማክስ ኬለርማን መነሻው የደኅንነት ምርመራ አልነበረም፤ የደንበኞች የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይሎች አልፎ አልፎ ለምን እንደሚበላሹ ሲያጣራ፣ የተበላሹት የመጨረሻዎቹ 8 ባይቶች መሆናቸውን አስተዋለና ነገሩን እስከ ከርነሉ ድረስ ተከታተለው። ግኝቱን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ይፋ አደረገ።

ከርነሉ የተነበበን ፋይል ቅጂ ራም ላይ ያስቀምጣል፤ ቅጂው በፓይፕ (ዳታ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚያልፍበት መስመር) ሲያልፍም ሌላ ቅጂ ሳይሠራ ያንኑ የራም ገጽ ያያይዘዋል። ከቁጥር 5.8 ጀምሮ ባሉት ከርነሎች ግን ፓይፑ ላይ ከቀድሞ ሥራ ሳይጸዳ የሚቀር «እዚህ ላይ መጨመር ይቻላል» የሚል ምልክት ስለነበረ፣ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተጠቃሚ በፋይሉ ቅጂ ላይ መጻፍ ቻለ። ፋይሉ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የያዘው ከሆነ፣ ሩት ለመሆን ከዚህ የበለጠ ድካም አያስፈልግም። ለውጡ ዲስክ ላይ ሳይደርስ ራም ላይ ብቻ ሊቀር መቻሉ ደግሞ (መርማሪን የሚያስለቅስ ነገር ነው) ማሽኑ ሲዘጋ ዱካውን አብሮ ሊያጠፋው ይችላል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን የጥያቄዎ የመጨረሻው ክፍል ነው። የከርነል አፕዴት ዲስክ ላይ ቢጫንም፣ ማሽኑ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ የሚሠራው አሮጌው ከርነል ነው፤ ስለዚህ ሰርቨርዎ ለወራት አለመዘጋቱ፣ ማሽኑ ሳይዘጋ ቀጥታ የሚጫን ማረሚያ ካልተጠቀሙ በቀር፣ አፕዴቱን ከንቱ አድርጎታል። ሠልጣኞች በማይኖሩበት ሰዓት ሪስታርት ያድርጉት፤ ከዚያም የተጫነውን ሳይሆን በሥራ ላይ ያለውን የከርነል ቁጥር ይመልከቱ። ማረሚያው የወጣው በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ነው፤ ሆኖም አንዳንድ የሊኑክስ ሥርጭቶች (የተለያዩ አዘጋጆች የሚያቀርቧቸው የሊኑክስ ዓይነቶች) ቁጥሩን ሳይቀይሩ ማረሚያውን ስለሚያካትቱ፣ የሚጠቀሙበትን ሥርጭት የደኅንነት ማስታወቂያ ያመሳክሩ።