ብሉ ታንግ አሳዬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፣ ኮፐር (የመዳብ መድኃኒት) ልጨምር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሳሎን ውስጥ 75 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለን፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ብሉ ታንግ፣ ትንሽ ኮራልና ከአሳ ላይ ተባይ የሚለቅሙ ሁለት ክሊነር ሽሪምፕ አለበት። በቅርቡ የሎው ታንግ የሚባል አንድ አሳ ገዝተን ቀጥታ ጨመርነው፣ ሳምንት ሳይሞላው ብሉ ታንጉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፣ ድንጋዩ ላይም ይታከካል። አንዷ ነግራኝ ምግቡን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ እያሸሁ ስሰጠው በሦስት በአራት ቀን ጠፋለት፣ ደስ ብሎን ሳንጨርስ ግን እጥፍ ሆኖ ተመለሰ፣ አሁን ክላውንፊሾቹም ላይ ጀምሯል። ሁሉም ይበላሉ። የሱቁ ሰውዬ ኮራል አይነካም ያለውን አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ሸጦልኛል፣ ጓደኛዬ ደግሞ ኮፐር ጨምሪበት ትለኛለች። ልጆቼ እያለቀሱ ነው፣ ምን ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ኮፐሩን ትልቁ ታንክ ውስጥ እንዳትጨምሪ! ሽሪምፖቹን ወዲያው ይጨርሳቸዋል፣ ኮራሉም አይተርፍም፣ ላይቭ ሮኩ (ታንኩ ውስጥ ያለው የባህር ድንጋይ) እና አሸዋው ደግሞ ኮፐሩን ይመጠዋል፣ ስለዚህ መጠኑን መቆጣጠር አትችዪም፣ አሳዎቹም በቅጡ ሳይታከሙ ይቀራሉ። ጓደኛሽ ስለ መድኃኒቱ ልክ ናት፣ ቦታው ነው የተሳሳተው።

ከነገርሽኝ ምልክት የማየው ኢክ ነው፣ ሳይንሱ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚለው ጥገኛ ተህዋስ። ብሉ ታንግ ደግሞ ለዚህ በሽታ የተመረጠ አሳ ነው፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው። ለማንኛውም ማታ መብራቱን አጥፍተሽ በስልክሽ ባትሪ ከጎን እያበራሽ እዪው። ነጠብጣቡ አንድ በአንድ የሚቆጠርና የጨው ቅንጣት የሚያክል ከሆነ ኢክ ነው፣ እንደ ዱቄት የደቀቀና ወርቃማ ነገር ያለው ከሆነ፣ አሳው ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ምግብ ትቶ ፓምፑ ውሃ የሚገፋበት ጋ ፊቱን አዙሮ ከቆመ ግን ቬልቬት የሚባለው ሌላ የጥገኛ ተህዋስ በሽታ ነው፣ እሱ ቀን አይሰጥም፣ በዚያው ቀን ማውጣት አለብሽ። ክላውንፊሾቹ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ሳይሆን ወፍራም ንፍጥ መሳይ ነገር ካየሽ ብሩክሊኔላ የሚባል ሌላ ጥገኛ ተህዋስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በኮፐር አይድንም፣ ፎርማሊን የሚባለውን መድኃኒት ነው የሚፈልገው። ያንቺዎቹ ይበላሉ ስላልሽ እኔ ወደ ኢኩ አደላለሁ።

አሁን ነጭ ሽንኩርቱ ጋ እንምጣ። እኛ ሀበሾች በነጭ ሽንኩርትና በፌጦ ላይ ያለን እምነት ይታወቃል፣ ግን ነጠብጣቡን ያጠፋው እሱ አይደለም። ተህዋሱ አሳው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይበላል፣ ከጠገበ በኋላ ራሱ ይወርድና አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ቅርፊት ያበጃል፣ እዚያ ውስጥ ይባዛል፣ ከአንዱ ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሾች ሊወጡ ይችላሉ፣ እነሱም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አሳ ካላገኙ ይሞታሉ። አንቺ ዳነ ብለሽ የተደሰትሽው እንግዲህ ወርዶ እየተባዛ በነበረበት ሰዓት ነው፣ እጥፍ ሆኖ የመጣውም ለዚያ ነው። ቆዳው ስር ስለሚገባ ሽሪምፑም ለቅሞ አይጨርሰውም። ኮራል አይነካም የተባለውን ጠርሙስ በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም፣ ከተቻለ መልሺለት።

የሚሻለው ሁሉንም አሳ ማውጣት ነው፣ ነጠብጣብ የሌለውንም የሎው ታንግ ጭምር፣ ምክንያቱም ስንጥቡ ውስጥ ይዞት ላይታይሽ ይችላል። አራት አሳ ስለሆኑ 40 ጋሎን ገደማ የሆነ ባዶ ታንክ ፈልጊ፣ ያገለገለም ይሆናል፣ አሸዋም ድንጋይም አታድርጊበት፣ ሂተር፣ ስፖንጅ ፊልተርና መደበቂያ እንዲሆናቸው ከሆም ዲፖ የምትገዢው ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ቁርጥራጭ ይበቃል። እንደ ኮፐር ፓወር ያለ ቼሌትድ ኮፐር ግዢና በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ እያልሽ ከ2.0 እስከ 2.5 ፒፒኤም (በሊትር ሚሊግራም ማለት ነው) አድርሺው፣ ከዚያ 30 ቀን ሳይወርድ ይቆይ። አንድ ቀን ከወረደ ቆጠራው እንደ አዲስ ነው። በቀለም ከሚነበበው ቴስት ይልቅ ሃና የተባለው ኩባንያ ዲጂታል የኮፐር መለኪያ ያዋጣሻል። ኩፕራሚን የሚባለውን ሌላውን የኮፐር መድኃኒት ከገዛሽ ግን ልኩ 0.5 ፒፒኤም ብቻ ነው፣ የአንዱን ቁጥር ለሌላው እንዳታደርጊ፣ ይገድላል። አዲስ ታንክ ስለሆነ አሞኒያ (ከአሳው ቆሻሻ የሚመጣ መርዝ) ይነሳል፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ የምትጨምሪውንም ውሃ በዚያው ልክ ኮፐር አድርጊበት፣ አሞኒያ የሚያስረውን ጠብታ ግን ከኮፐር ጋር አታገናኚ፣ መርዛማነቱን ሊያብሰው ይችላል።

ትልቁ ታንክ ደግሞ ያለ አንድም አሳ 76 ቀን ይቆይ። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ያ ቅርፊት እስከ 72 ቀን ቆይቶ ሲፈለፈል ታይቷል። ኮራሉና ሽሪምፑ እዚያው ይኑሩ፣ ለሽሪምፖቹ ትንሽ ትንሽ ምግብ ጣል አድርጊ። አሳዎቹ 30 ቀኑን ሲጨርሱ ኮፐሩን በካርቦን አውጪላቸውና ቀሪውን ቀን እዚያው ይጠብቁ። መረብ፣ ባልዲ፣ እርጥብ እጅ፣ ሁሉም ያሻግረዋልና ለየብቻ ይሁን። ለልጆቹ ደግሞ አሳዎቹ ሆስፒታል ገብተዋል በያቸው፣ እየሄዱ ይጠይቋቸው። በነገራችን ላይ 75 ጋሎን ለሁለት ታንግ ጠባብ ነው፣ ሲሻላቸው አንዱን ሰፊ ቤት ላለው ሰው ብትሰጪው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ የባህር አሳ ለማርባት ከመርካቶ የአፋር ጨው ገዝቼ ውሃ ውስጥ ብበጠብጠው ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ። እሱ ለወጥ የምንጨምረው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የባህር ውሃ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም ሌላም ሌላም አለው፣ እነዚያ ከሌሉ አሳው አይቆይልህም። ለአኳሪየም የተዘጋጀ የባህር ጨው ከውጭ የሚያመጣልህ ሰው ካለ እሱን አስመጣና በሊትር 35 ግራም ገደማ በጥብጥ። እስከዚያው ጎልድፊሽ አርባ።