ሰዓቱ ይቆይ፣ ኳሱ ይብዛ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዘዞ አካባቢ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ገንዘብ አዋጥተው ለስፖርት ክፍሉ ላኩልን። የወላጅ ኮሚቴው «ዘመናዊ ነገር ይገዛ፤ ለልጆቹ የልብ ምት የሚቆጥር ስማርት ሰዓት ይታሰርላቸው» ይላል። በአንድ ክፍል 60 የሚጠጉ ልጆች አሉኝ፤ ደህና የሚባል ኳስ ግን ሦስት ብቻ ነው። እምቢ ብል ኋላ ቀር እንዳልባል እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል?
መምህር ከአዘዞ

መልስ፦ መምህር፣ ሰዓቱን አይግዙ። ቢያንስ ዘንድሮ አይግዙ። ይህን የምልዎ ቴክኖሎጂ ጠልቼ እንዳይመስልዎ። እዚሁ ጎንደር ስፖርት ሳስተምር ስልኬ እንደ ፊሽካዬ ከእጄ አይለይም።

እንዲህ ያለ ሰዓት የልብ ምት የሚያነበው ከጀርባው በሚበራ አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ በቆዳ ሥር ያለው ደም በየምቱ ሲጨምርና ሲቀንስ ብርሃኑ እየተለዋወጠ ይመለሳል፣ ሰዓቱም ያንን ይቆጥራል። ለዚህ ደግሞ ከቆዳ ጋር ጥብቅ ማለት አለበት። ቀጭን የልጅ እጅ ላይ ላላ ብሎ ሲንገላወድ የሚሰጠው ቁጥር አያስተማምንም። በዚያ ላይ ቻርጅ ማድረጉ፣ ከስልክ ጋር ማገናኘቱ፣ ለ60 ልጅ ማሰርና መፍታቱ አለ። ክፍለ ጊዜው በዚሁ ያልቃል። የልብ ምት ማስተማር ከፈለጉ ልጆቹ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አሳርፈው 15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ የሆነ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለ60 ልጅ ሦስት ኳስ ካለ አብዛኛው ልጅ ክፍለ ጊዜውን የሚያሳልፈው ዳር ቆሞ ነው። የቆመ ልጅ እጅ ላይ የሚታሰር ሰዓት የሚነግረን ነገር ቢኖር መቆሙን ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በዓይናችን እናየዋለን። ስለዚህ የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለኳስ፣ ለኮንና ለመዝለያ ገመድ ይዋል።

አዲስ አሠራር ሲባል ሁሌ ዕቃ ማለት አይደለም። ዴቪድ ባንከርና ሮድ ቶርፕ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ልጁ መጀመሪያ ቀለል ተደርጎ በተዘጋጀ ጨዋታ ይግባ፤ ምን እንደቸገረው ሲገባው ያን ጊዜ ክህሎቱን አስተምሩት። እኛ አገር ግን አሁንም ልጆችን አሰልፈን ኳስ ማቀበል እናለማምድና ጨዋታው ሳይደርሳቸው ደወል ይደወላል። ሜዳውን በኮን ይሸንሽኑትና አራት ለአራት ያጫውቱ። ቡድን ያነሰ እንደሆነ ኳሱ የማይደርሰው ልጅ አይኖርም፤ ሁሌ በረኛ የሚደረገው ልጅም ኳስ ይነካል። ገናንም አይርሱት። ሩሯን በጨርቅ ኳስ ተክተው፣ ዱላው ከጉልበት በላይ እንዳይነሳ ሕግ አውጥተው ቢያጫውቱ ከሆኪ ምን ያንሳል? ልጆቹም ከቤታቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ከተረፈው ብር ድምፁ ሜዳ የሚሞላ ስፒከርና የስልክ ማቆሚያ ይግዙ። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ይቀርጻሉ፤ ለስፖርት መምህር ከዚህ የበለጠ መሣሪያ አላየሁም። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪዬ ርዝመት ዝላይ ላይ መነሻው ጋ ስትደርስ እርምጃዋን ታሳጥር ነበር። ብነግራት ብነግራት «ኧረ አላሳጠርኩም!» ትለኛለች። ቀርጬ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ አየችው፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ደግማ አየች። «ውይ፣ ልቆም ነው እንዴ የምደርሰው?» አለች። ከዚያ በኋላ የጨመርኩት ቃል የለም፤ የመንደርደሪያዋን መነሻ ራሷ ወደ ኋላ ሳበችው።

ስፒከሩ ደግሞ ለ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ ነው። ካናዳዊው ሉክ ሌጀርና ባልደረቦቹ ያወጡት የሩጫ ብርታት መለኪያ ነው፦ በ20 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ይሰመራል፣ ልጆቹ ከስፒከሩ በየጊዜው የሚሰማው የምልክት ድምፅ ሳይቀድማቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ተጀምሮ በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። ድምፁን ስልክዎ ላይ ይጫኑት፤ ግማሹ ሲሮጥ ግማሹ የጓደኛውን ምልልስ ይመዝግብ። ብቻ አደራ፣ ውጤቱን ከውጭ አገር ሠንጠረዥ ጋር አያስተያዩ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የጥቅምቱን ከግንቦቱ ያስተያይ፣ ከራሱ ጋር።

ለኮሚቴው ይህንኑ ይንገሯቸው። ቢቻል አንድ ክፍለ ጊዜ መጥተው ሜዳው ላይ ይቁሙና ስንቱ ልጅ እንደሚንቀሳቀስ ራሳቸው ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ልጄን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሉ ሰው ፊት መዝነው ኪሎዋን ጮክ ብለው ጠሩት። ስትሮጥም ተቀርጻ ቪዲዮው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የስፖርት ቀን ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ትላለች። ላስቀራት?
እናት ከማራኪ

መልስ፦ እህቴ፣ አታስቀሪያት። ጥፋቱ የልጅሽ አይደለም፤ እሷ ቤት ስትውል የምትቀጣው ግን እሷ ናት። መምህሩን ለብቻው አግኚውና ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ኪሎም ሆነ ውጤት ለልጅቱ ብቻ ይነገር፣ በራሷ ደብተር ይጻፍ። ኪሎ የስፖርት ችሎታ መለኪያ አይደለም፤ ጮክ ተብሎ የሚጠራበት ምክንያትም አይታየኝም። ሁለተኛ፣ ቪዲዮው ዛሬውኑ ከግሩፑ ይውረድ። በትምህርት ሰዓት የሚቀረጽ ቪዲዮ ወላጅ ፈቅዶ፣ ለተቀረጸው ልጅ ታይቶ፣ ወዲያው የሚጠፋ ነው። የአዘዞው መምህርም ይህን ልብ ይበሉልኝ።

መምህሩ ካልሰማሽ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂጂ፤ ጥያቄሽን በጽሑፍ ስጪና ግልባጩን ያዢ። ለልጅሽም አብራት የምትሮጥ አንድ ጓደኛ ፈልጊላት።